«ሲስቶስኮፒ» ብሎ ቀጠሮ ከመስጠት በፊት ምን እንደሆነ ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። የምጽፈው ከደምበጫ ነው። ሀኪም አይደለሁም፣ አባቴን ይዤ ሆስፒታል ስመላለስ የከረምኩ ልጅ ነኝ፣ ያየሁት ነገር ለሌላ ቤተሰብ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

አምና ሐምሌ አባቴ ጤፍ ሊዘሩ ወጥተው ማሳ ዳር ሲሸኑ ሽንታቸው ቀይ ሆኖ አዩት። ህመም የለ፣ ማቃጠል የለ፣ ትኩሳት የለ። ለእናቴ እንኳ አልነገሯትም፣ በሦስተኛው ቀን ሲጠፋ ምች ነው ብለው ተልባ ጠጥተው ተውት። መስከረም ላይ ተመልሶ ሲመጣ ነው እኔም የሰማሁት። ደሙ በራሱ ቆመ ማለት ዳነ ማለት እንዳልሆነ ያኔ አናውቅም ነበር፣ ፊኛ ውስጥ የበቀለ እጢ ሳያም ደም እያሳየ መጣ ሄድ ሊል ይችላል። እርግጥ ኢንፌክሽንም ጠጠርም በወንዶች ፊኛ ስር ያለው ፕሮስቴትም ደም ያመጣል፣ ቀይ ስር የበላ ሰውም ሽንቱ ሊቀላ ይችላል፣ ግን የትኛው እንደሆነ ቤት ተቀምጦ አይታወቅም።

ጤና ጣቢያ ሄደን ሽንት ተመረመረ፣ ሪፈር ተጻፈልን (የጤና መድን ያላችሁ ይቺን ሪፈር ሳትይዙ እንዳትሄዱ)፣ ሆስፒታል አልትራሳውንድ ተነሱ፣ ከዛ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ሲስቶስኮፒ» ተብሎ ቀን ተጻፈና ተሰጠን። ምንድነው ብለን ስንጠይቅ በመሳሪያ ውስጡ ይታያል ተባልን፣ ቀጣይ ተባለ፣ ወጣን።

ሰፈር ውስጥ አንዱ ብረት ነው የሚከቱብዎ፣ ከዛ በኋላ ወንድነትም የለ አላቸው። የቀጠሮው ቀን ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ሄደን መኪናው ውስጥ ከተቀመጥን በኋላ «ልጄ፣ እህሉ ይሰብሰብና» ብለው ወረዱ። አባቴ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበር። እህሉ ተሰበሰበ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ፣ ጥር ሆነ፣ ደሙ ደግሞ በዛ።

ጥር ላይ ስንሄድ አንዲት ነርስ ቁጭ አርጋ አስረዳቻቸው፣ 5 ደቂቃ ቢፈጅባት ነው። ያለችን ይሄን ነው። ሲስቶስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በሽንት መውጫው ገብቶ የሽንት ቧንቧውንና ፊኛውን ማየት ነው፣ የሚቀደድ ነገር የለም። ሁለት አይነት አለው። የሚተጣጠፈው በሚያደነዝዝ ጄል ነው የሚሰራው፣ ሰውየው በማደንዘዣ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። ቀጥ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወገብ በታች ተደንዝዞ ወይ ሙሉ ተተኝቶ ስለሆነ ምግብ ሳይበሉ ነው የሚኬደው፣ አስታማሚም ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲሰጣችሁ የትኛው ነው የሚሰራልኝ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሬ ምግብ ልተው ብላችሁ ጠይቁ። እንደ ዋርፋሪንና አስፕሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ በራሳችሁ ግን እንዳታቆሙ። መድኃኒት የማይስማማው ሰው፣ ነፍሰ ጡር የሆነችም ትናገር። የዛን ሰሞን ማቃጠል ወይ ትኩሳት ካለም አይደበቅም፣ ኢንፌክሽን ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከማል።

አባቴ ሲወጡ የነገሩኝን ልንገራችሁ። ጄሉ ቀዝቃዛ ነው አሉኝ፣ ከዛ ትንሽ ይጠበቃል። ቱቦው አንዲት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆንጠጥ ሲያረጋቸው ዶክተሩ «እንደሚሸኑ ሆነው ይልቀቁት፣ በረጅሙ ይተንፍሱ» አላቸው፣ ሲለቁት አለፈ። ከዛ ውሀ ይለቀቃል፣ ፊኛው ተወጥሮ እንዲታይ ነው፣ እሳቸው ግን ሽንቴ አምልጦኝ ልዋረድ ነው ብለው ጨንቋቸው ነበር። ማንም ይሄ ስሜት ይመጣበታል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። እናቶቻችን ደግሞ ይሄን ይወቁ፣ የሴት የሽንት ቧንቧ 4 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ የወንድ ግን ወደ 20 ይጠጋል፣ ስለዚህ ለሴት ብዙ ጊዜ ይቀላል፣ ሴት ነርስ አብራኝ ትሁን ብሎ መጠየቅም ይቻላል።

ከዛ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሲሸኑ ማቃጠልና ሽንቱ ቀላ ማለት ያለ ነው፣ ውሀ ይጠጣል። ሽንት እምቢ ካለ፣ የረጋ ደም ከወጣ፣ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ከመጣ ግን ሳያድሩ መመለስ ነው። ወንድነት ያጠፋል የተባለውን ዶክተሩን ራሳቸው አፍረው ጠየቁት፣ ማየት ብቻ ነው፣ አያጠፋም አላቸው።

ወረፋ ላይ ደግሞ አንድ ወጣት አገኘን፣ ለኩላሊት ጠጠር ሲታከም ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ እንዲወርድ ውስጡ የገባለትን ቱቦ ሊያስወጣ ነው የመጣው፣ ህመሙ ስለተወው ከዓመት በላይ ረስቶት ጠጠር በላዩ ላይ ሠርቶበታል። ያም ቱቦ የሚወጣው በዚሁ በሲስቶስኮፒ ነው፣ እንዲህ ያለ ቱቦ በውስጣችሁ ያለ ሰዎች መቼ ይውጣ እንደተባላችሁ አስታውሱ።

አባቴ ስክሪኑ ላይ ያዩት ውሀ ውስጥ እንዳለ ሳር የሚወዛወዝ ቀይ ነገር ነበር። የካቲት ላይ ከወገብ በታች ተደንዝዘው በዚያው መንገድ ወጣላቸው፣ ናሙናው ካንሰር ነው ተባለ፣ ደግነቱ ወደ ፊኛው ጡንቻ አልገባም። ተመልሶ የመምጣት ጠባይ ስላለው ከ3 ወር በኋላ እንደገና ይታያል ተባሉ፣ ግንቦት ላይ ታይተው ንጹህ ሆነ፣ ተመስገን። ዶክተሩ ግን በመጀመሪያው ቀጠሮ ለምን አልመጡም ብሎ ሲጠይቃቸው አባቴ መሬት መሬት አዩ፣ እኔም መልስ አልነበረኝም።

የሆስፒታል ኃላፊዎች ይሄን ካነበባችሁ የምለምነው አንድ ነገር ነው። የቀጠሮው ወረቀት ጀርባው ባዶ ነው። ያቺ ነርስ ያለችን ነገር እዛ ላይ በአማርኛ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችል ደግሞ ይነበብለት።

አንባቢያችሁ፣ ከደምበጫ