የቁስቋምን ግንብና አጸድ ለመታደግ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በጎንደር ከተማ ለምትኖሩ፣ እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ አገር ለምትገኙ ተወላጆችና ወዳጆች በሙሉ፤

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ኮረብታ የወጣ ሰው ጎንደርን ከዓመቱ ሁሉ በተለየ መልኳ ያያታል። ዝናቡ አባርቷል፤ ሰማዩ ጠርቷል፤ ከፈረሰው ግንብ ሥር ሣሩ ገና ለምለም ነው፤ ለእሑድ አጥቢያም የማኅሌቱ ድምፅ ከወይራውና ከጥዱ መካከል ይሰማል። እቴጌ ምንትዋብ፣ እ.ኤ.አ. በ1730 ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሲነግሡ አብረው ዘውድ የደፉት፣ ቤተ መንግሥታቸውንና ቤተ ክርስቲያኑን እዚህ ያሠሩት ቅድስት ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበትን የግብፁን ቁስቋም በስሙ እያስታወሱ ነው። ዘመነ ጽጌም ያንኑ ስደት የምናስብበት ወቅት በመሆኑ ቦታውና መጸው የተሳሰሩ ናቸው።

ይህ ስፍራ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደርቡሽ ወረራ ክፉኛ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከፋሲል ግቢ ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይሁን እንጂ መመዝገቡ ብቻውን ክረምቱን አያቆመውም። ባለፈው የጽዳት ዘመቻችን በአንድ ግድግዳ መጋጠሚያ ውስጥ የበቀለች፣ ቁመቷ ከስንዝር የማትበልጥ የሾላ ችግኝ አገኘን። በእጅ ሳብ ስናደርጋት ሥሯ ከክንድ በላይ ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለነበር አብሯት አንድ እፍኝ የደቀቀ ኖራ ፈሰሰ። ወዲያውኑ መጎተቱን አቆምን፤ እንዲህ ያለውን ሥር ነቅሎ መጣል ግንቡን ራሱን ማፍረስ እንደሆነ ባለሙያዎች ነግረውናልና።

ገንዘቡ አሁን፣ በመጸው፣ የሚያስፈልግበት ምክንያት ኖራው ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጎንደር ግንቦች ላይ የተደረገው የሲሚንቶ ጥገና እርጥበትን አፍኖ ድንጋዩን ስለሚጎዳ በኋላ በኖራ መተካት ነበረበት። እኛም ያንን ስሕተት ልንደግም አንሻም። የተቃጠለ ኖራ ደግሞ በጉድጓድ ውስጥ በውሃ ተነክሮ ቢያንስ ሦስት ወር ካልቆየ ለግንብ አይበቃም፤ ከተለሰነም በኋላ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ሊደርቅ ይገባዋል። በኅዳር ያልተነከረ ኖራ ከሰኔ ዝናብ በፊት ለመጋጠሚያዎቹ አይደርስላቸውም፤ አንድ ወቅት ባመለጠን ቁጥርም ግንቡ ሳይጠገን አንድ ተጨማሪ ክረምት ያሳልፋል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ መንካት ስለማይቻል እያንዳንዱ ሥራ የሚከናወነው በቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር ስምምነትና ፈቃድ በሰጠው አካል ክትትል ብቻ ነው።

ከግንቡ ጎን ለጎን አጸዱን ማልማት እንፈልጋለን። ልጆቻችን በዚህ ወር የደረቀውን የአደይ አበባ ዘር እየለቀሙ ነው፤ ቀጋ፣ ጤና አዳምና አሪቲ በመደብ ይተከላሉ፤ የወይራ ችግኝ ግን እስከ ክረምት ይጠብቃል። የጎብኚ ቁጥር በቀነሰበት በዚህ ጊዜ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹትን መስቀሎች ለተማሪዎች የሚያስረዱ ወጣቶችን ማሠልጠንም የዚሁ ሥራ አካል ነው። በግሌ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ የግንበኝነቱ ሙያ ነው፤ ኖራ አንክሮ ድንጋይ መግጠም የሚችሉ አረጋውያን እያለቁ ስለሆነ በእያንዳንዳቸው ሥር ሁለት ወጣቶች እንዲመደቡ ጠይቀናል። ጎንደርን በመገንባት ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አንጥረኞች የነበራቸው ድርሻ የታወቀ በመሆኑ ዛሬ በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ጥሪ ውስጥ ራሳችሁን እንድታገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ገንዘብ መስጠት የምትችሉ ገንዘብ፣ የማትችሉ ኩንታል ኖራ፣ ጆንያ፣ አካፋ፣ የመወጣጫ እንጨት ወይም የአንድ ቀን ጉልበት ብትሰጡ ሁሉም እኩል ተመዝግቦ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ሒሳቡ በየወሩ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናንና ለእድር አባላት በንባብ ይቀርባል። በውጭ የምትኖሩ በየከተማችሁ ባለው ማኅበራችሁ በኩል አሰባስባችሁ በአንድ ላይ ብትልኩት ቁጥጥሩ ይቀልልናል።

ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል ይከበራል። በማግሥቱ ጠዋት የኖራውን ጉድጓድ መቆፈር እንጀምራለን፤ ዶማ ያለው ዶማውን ይዞ ይምጣ።