ለሚመለከተው ክፍል፦ እስኪ ይመልከቱት

ክቡር ኃላፊ፣

በመጀመሪያ ሃይላንዴን መልሱልኝ። ጥር ላይ ቢሮዎ ድረስ ይዤው የመጣሁትን፣ ግማሽ ድረስ ጥቁር ዘይት ያለበትን ማለቴ ነው። ጸሐፊዋ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። የካቲት ላይ ስመጣ እዚያው ነበር። ሚያዝያ ላይም እዚያው፣ አቧራ ብቻ ጨምሯል። ሦስት ጊዜ «ማመልከቻ ጽፈህ ና» ተባልኩ፣ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። አራተኛውን በአደባባይ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዘይቱ የወጣው ከአንድ ሆቴል የጓሮ በር ነው። ስሙ ማመልከቻው ላይ አለላችሁ። ድንችና ዶሮ ሲጠበስበት የከረመውን ዘይት በጀሪካን ይሸጡታል፣ ሐሙስ የገበያ ቀን ደግሞ ጀሪካኑ ይበዛል። ገዢዎቹ ትምህርት ቤት በር ላይ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የሚጠብሱ እናቶች ናቸው፤ አዲስ ዘይት ከየት አምጥተው? አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ዘይቱ ገና ሳይግል ይጨሳል፣ አረፋው አይወርድም፣ ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል። ልጄ በየቀኑ የምትበላው ከዚያ ነው።

እና እናንተ ምን አደረጋችሁ? መጣችሁ። የአንዷን ሴት መጥበሻ ቀማችሁ፣ ሳምቡሳዋን መሬት ላይ ደፍታችሁ ሄዳችሁ! ሆቴሉ የዚያኑ ቀን ማታ ጀሪካን ይሞላ ነበር። እሷም በሳምንቱ መጥበሻ ተበድራ ተመለሰች፣ ዘይቱም ያው ዘይት። እኔ እሷን አልከሰስኩም እኮ! ማመልከቻዬን ያነበበው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለሙያችሁ ደግሞ «እንዲህ ዓይነት ዘይት የበሉ አይጦች ጉበታቸው ስብ ያቃጥላል» ብሎኝ ሳቀ። አንብቧል፣ ግን ግማሹን። ዘይት ደጋግሞ ሲግል ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይበላሻል፣ አልዴሃይድን የመሰሉ ጎጂ ነገሮችም ይፈጠሩበታል። አይጦች ላይ ይሄ የተበላሸ ዘይት ጉበት ውስጥ ፒፒኤአር አልፋ የሚባለውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ እሱ ደግሞ ስብ የሚያቃጥሉትን ጂኖች ያስነሳል፣ ደም ውስጥ ያለው ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብም ይቀንሳል። እስከዚህ ልክ ነው። ግን የዚያው አይጥ ጉበት ያብጣል፣ ቫይታሚን ኢውም ይሟጠጣል። ይሄ ፕሮቲን ሲቀሰቀስ ደግሞ የአይጥ ጉበት ከሰው ጉበት በጣም የባሰ ቁጡ ነው። ስለዚህ አይጥ ላይ ስብ ቀነሰ ተብሎ ለጅማ ልጅም ደህና ነው አይባልም።

መለካቱ ከባድ ቢሆን እሺ። ጀርመን ውስጥ ከመጥበሻ ዘይቱ የተበላሸው ክፍል 24 በመቶ ካለፈ ዘይቱ ይደፋል፣ መለኪያውም እንደ ቴርሞሜትር የሚነከር ትንሽ ዕቃ ነው። እሱም ከሌለ አፍንጫ አላችሁ።

ጀሪካኖቹ የሚወጡት ማታ 3 ሰዓት ላይ ነው። ኑና እዩ። ስትመጡ ሃይላንዴንም ይዛችሁልኝ ኑ።

አንድ አባት፣ ከጅማ