ፍላሹን ፎርማት እንዳታስደርጊው

ውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር። ትምህርት ቤት የደብዳቤ አጻጻፍ ሲያስተምሩን እንዲህ ነበር የምንጀምረው። ግን ስጽፈው ራሴን ታዘብኩት። የናፈቀ ሰው ይደውላል።

ከመጨረሻው ስልካችን እስከ ዛሬ 811 ቀን ሆኖታል። በጣቴ አልቆጠርኩትም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ካልኩሌተር ነው የቆጠረልኝ። መደመርና መቀነስ ብቻ የሚችል ይመስልሻል አይደል? ከላይ በግራ በኩል ያሉትን ሦስት ሰረዞች ስትጫኚ የቀን ስሌት አለው። ሁለት ቀን ትሰጪዋለሽ፣ በመሃል ያለውን ይነግርሻል። የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ የኛን ቀን መጀመሪያ ራስሽ መቀየር አለብሽ። እኔ ቀይሬ ሳስገባው 811 አለኝ። ደንግጬ ዘጋሁት።

ያን ዕለት ማታ «ነገ በጠዋት እመጣለሁ» ብዬሽ ነበር፣ ለአባባ ለቅሶ። ሌሊቱን ልጄን አተኮሰው፤ ሆስፒታል አደርን። ሠልስቱ አለፈ። ለአርባው እሄዳለሁ አልኩ፣ እሱም አለፈ። ከዚያ ወዲያ የቀረሁበትን ምክንያት ማስረዳት ቀላል ነበር፤ ያልደወልኩበትን ግን ምን ብዬ ላስረዳ? ሙት ዓመቱ ሲደርስ ደግሞ በምን ፊቴ አልኩ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሰው ለቅሶ ለመድረስ የዚህን እጥፍ ይሄዳል።

ስለዚህ ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ስምሽን ሳይ ወቀሳ ነበር የጠበቅሁት። አንቺ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ላፕቶፕ ጻፍሽልኝ። ወንድምሽ ከአሜሪካ እንደላከልሽ፣ የሰፈራችሁ ልጅ «ፎርማት አድርጌ ሙሉ ሶፍትዌር ልጫንልሽ» እንዳለሽ፣ የአባባ ፎቶዎች ያሉበት ፍላሽም ባዶ እንደሆነና እሱም ፎርማት ይደረግ እንደተባለ። ከዛ «አንቺ ስለምታውቂ ነው የጠየቅሁሽ» አልሽኝ። ይቺ ቃል ከወቀሳ በላይ አንጀቴን በላችኝ።

መጀመሪያ ስለ ፍላሹ። ማንም ፎርማት እንዳያደርገው፤ ፎርማት ማለት ውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ማጥፋት ነው። በኔ ሞት።

ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግርሽም። ተማሪው መመረቂያ ጽሑፉን ፕሪንት ሊያስደርግ ይመጣል፣ ፍላሹን ይሰካል፣ ፊቱ ይገረጣል። ብዙ ጊዜ ፍላሹ ባዶ አይደለም። ቫይረሱ የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በእያንዳንዱ ስም አንድ ሾርትከት፣ ማለት ፎልደር የሚመስል አቋራጭ ምልክት፣ ያስቀምጣል። አንቺ ፎልደርሽ መስሎሽ ስትከፍቺው መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ቀጥሎ ፎልደሩ ይከፈታል። ስለዚህ አትነቂም። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ወደሚሰካው ሌላ ፍላሽ ይዛመታል። አንድ ቀን ጥሩ አንቲቫይረስ ያለው ኮምፒውተር ያገኘዋል፣ ሾርትከቶቹን ያጠፋቸዋል፣ የተደበቁት ግን እንደተደበቁ ይቀራሉ። ያኔ ነው «ባዶ ሆነ» የምንለው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ፍላሹን ሰክተሽ ስሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጊና ፕሮፐርቲስ የሚለውን ክፈቺ። ባዶ ነው በተባለ ፍላሽ ላይ ሁለት ሦስት ጊጋ ተይዞ ካየሽ፣ አባባ እዚያው ናቸው ማለት ነው።

አሁን ቀስ ብለሽ ተከተይኝ። ፍላሹ ውስጥ ያለ ምንም ሾርትከት አትክፈቺ። ስሙ ላይ እንደገና ቀኝ ክሊክ አድርጊና በማይክሮሶፍት ዲፌንደር አስፈትሺው። ይህ አንቲቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ሳንቲም አትከፍይበትም። ሲጨርስ ፎልደሮች የሚታዩበትን መስኮት ክፈቺ፣ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኚ፣ ኦፕሽንስ፣ ቀጥሎ ቪው። እዚያ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጪ። ትንሽ ዝቅ ብሎ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚል ምልክት የተደረገበት አለ፤ ምልክቱን አንሺው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይሄንን ሁለተኛውን ነው። ኮምፒውተሩ ያስጠነቅቅሻል፣ እሺ በይው። ወደ ፍላሹ ስትመለሺ ደብዘዝ ያሉ ፎልደሮች ታያለሽ። አንዳንዴ ስም የሌለው አንድ ፎልደር ውስጥ ሁሉንም ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። ፎቶዎቹን ኮፒ አድርገሽ ላፕቶፑ ላይ አውጫቸው። እዚያም ደብዘዝ እንዳሉ ነው የሚቆዩት፣ አትደንግጪ። ድብቅነቱን የምታነሳ አንዲት መስመር ትእዛዝ አለች፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሆነች በቴሌግራም ለብቻዋ እልክልሻለሁ። እሷን ካስኬድሽ በኋላ ያነሳሽውን ምልክት መልሺው።

ወደ ላፕቶፑ ልምጣ። ልጁ ክፉ ነው አልልም፤ እኔም ድሮ እንደሱ ነበርኩ። ኮምፒውተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ ፎርማት፣ ከዚያ ሃያ ምናምን ክራክ፣ ማለት ሳይከፈልበት ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም፣ መጫን። የስክሪን ፎቶ ማንሻ፣ ፒዲኤፍ መሥሪያ፣ አንቲቫይረስ፣ ማፋጠኛ የሚባል። አብዛኛው ዊንዶውሱ ውስጥ ያለ ነገር ነበር። አንቲቫይረሱማ የባሰ ነው። ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭኚ ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ይተኛል። የጫንሽው ክራክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ራሱን አያድስም። በሩ ላይ ዘበኛ ያለ ይመስልሻል፣ ዘበኛው ግን እንቅልፉን ይለጥጣል። አሁን ሱቅ ውስጥ ያለኝ ዲፌንደር ብቻ ነው።

ይልቅ ዊንዶውሱ 10 ነው ወይስ 11? እሱን ንገሪኝ። ማይክሮሶፍት ለ10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። 10 ከሆነ ሌላ ወሬ አለን። ከላይ የጻፍኩልሽ በ11 ነው።

ዘገመብኝ ያልሽው ምናልባት ገና ሲከፈት አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ስላሉ ነው። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ግቢና የማትፈልጊያቸውን ዲሴብል አድርጊ። አይጠፉም፤ ሳትጠሪያቸው አይመጡም፣ በቃ።

ፓኬጅ በአንድ ሌሊት አለቀ ያልሽውም አልገረመኝም። በስልክሽ ሆትስፖት ነው የምትጠቀሚው። ላፕቶፑ ግን የአሜሪካ ዋይፋይ ላይ ያለ ይመስለዋል፣ አፕዴቱን በጊጋ ያወርዳል። ሴቲንግስ ግቢ፣ ኔትወርክ፣ ዋይፋይ፣ የስልክሽን ስም ምረጪ፣ ሜተርድ ኮኔክሽን የሚለውን አብሪው። «ይሄ ኢንተርኔት በልክ የሚገዛ ነው» ማለትሽ ነው። ያኔ አብዛኛውን አፕዴት ትቶ ይጠብቃል። ለዚያ ኔትወርክ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ትምህርት ቤት ዋይፋይ ስታገኚ እንደልቡ ያውርድ። አፕዴቱን ጨርሶ ዝጊው የሚሉሽን አትስሚ። ዋንድራይቭ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫም ተከታተይው። 5 ጊጋ ነፃ ቦታ ስላለው ጥሩ ነው፣ ግን ሰነዶችሽን በራሱ ጊዜ ወደ ላይ መጫን ሊጀምር ይችላል። እሱም ከፓኬጅሽ ነው።

አማርኛ ለመጻፍም ምንም መጫን የለብሽም። ሴቲንግስ ውስጥ ቋንቋ ጨምር በይና አማርኛን ምረጪ። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍንና ስፔስን እየተጫንሽ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ትዘያለሽ። ከፓወር ግዕዝ ለመጣ እጅ መጀመሪያ ያናድዳል። እኔ ሁለት ሳምንት ተሳድቤያለሁ። የጥንት ፈተናዎችሽን ስትከፍቺ ግን ዝባዝንኬ ምልክት ብቻ ሊሆኑብሽ ይችላሉ። ፋይሉ ተበላሽቶ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትና ብዙ ዓመት ከዚያም በኋላ የተጻፈው ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ እያለበሰ ነበር። ልብሱ፣ ማለት ፎንቱ፣ ከሌለ ራቁቱን ይቀራል። እንደነዚህ ያሉትን ላኪልኝ፣ እኔ እገለብጥልሻለሁ።

አዲስ ፈተና ስታወጪ ደግሞ ወደ ማባዣ ክፍል በወርድ አትላኪ። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ያንቺ ፎንት ከሌለው ገጹ ይፈርሳል፣ ጥያቄ 12 ገጽ ሦስት ላይ ይገኛል። ፕሪንት በይና ከፕሪንተሮቹ ዝርዝር ውስጥ ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ የሚለውን ምረጪ። ወረቀት አይወጣም፣ ፒዲኤፍ ይወጣል። ፊደሉም እንዳለ ይቀመጣል። ይህ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣ ነው። እኔ ግን ለዚሁ ሥራ ክራክ ስፈልግ ስንት ዓመት ባከንኩ።

አሁን የምወዳትን ልንገርሽ። ኮንትሮል ሲ ብለሽ አንድ ነገር ትቀጃለሽ፣ ሌላ ስትቀጂ የፊተኛው ይጠፋል አይደል? የዊንዶውስ ቁልፍንና ቪን ተጫኚ። መጀመሪያ ልክፈተው ወይ ይልሻል፣ እሺ በይው። ከዚያ በኋላ የቀዳሻቸውን እስከ 25 ድረስ ይዞ ይጠብቅሻል። የተማሪ ስም ዝርዝር ስትሞይ እኔን ታመሰግኛለሽ። ኮምፒውተሩን ዘግተሽ ስትከፍቺ ይጠፋሉ፣ ፒን የሚለውን ምልክት ተጭነሽ ያሰርሻቸው ብቻ ይቀራሉ። ሰው በሚጋራው ኮምፒውተር ላይ ግን አትክፈቺው፤ የይለፍ ቃልሽም ከዝርዝሩ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስክሪን ለማንሳት የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍት እና ኤስ። እሱን ታውቂዋለሽ መሰለኝ።

ኖትፓድን ደግሞ ማንም አያከብረውም። እኔ የዱቤ መዝገቤ እሱ ነው። አዲስ ገጽ ክፈቺ፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ነጥብ አድርጊና ሎግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደላት ጽፈሽ አስቀምጪ። ከዚያ በኋላ ፋይሉን በከፈትሽ ቁጥር የዕለቱን ቀንና ሰዓት በራሱ ከታች ይጽፋል። ሐምሌ 5ን ጁላይ 12፣ የጠዋቱን 3 ሰዓት 9 ይልሻል እንጂ፣ አይሳሳትም። የክፍል ቀሪዎችን ልትመዘግቢበት ትችያለሽ። እኔ ባለዕዳዎቼን። አንድ ልጅ «መቼ ወስጄ?» ሲለኝ ደቂቃውን ስነግረው ከፍሎ ሄደ።

በረዘመ ደብዳቤ ልገላገል የፈለግሁ እንዳይመስልሽ። እጄ የሚያውቀው ይሄንን ስለሆነ ነው።

ፎቶዎቹ ሲወጡ አንድ ነገር አድርጊ። ሁሉንም ምረጪያቸውና ኤፍ 2 ተጫኚ። «አባባ» ብለሽ ጻፊ፣ ኢንተር። ሁሉም አባባ (1)፣ አባባ (2)፣ አባባ (3) እያሉ ይሰየማሉ። የአማርኛ ስም ይቀበላል። ከመሃላቸው እኔም ያለሁበት አንድ አለ፤ የምረቃሽ ቀን፣ ግቢያችሁ ውስጥ፣ አባባ የኔን ጋዋን ደርበው እየሳቁ። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ንገሪኝ።

አንድ ቅጂ አይበቃም። ባዶ ሃርድ ዲስክ ገዝቻለሁ፣ ሁለተኛው ቅጂ እሱ ላይ ይሆናል። ይዤው የምመጣው እኔ ነኝ። ነገ እመጣለሁ አልልሽም፣ አንዴ ብዬዋለሁ። መናኸሪያ ሄጄ መኪናው ውስጥ ስቀመጥ እደውልልሻለሁ።

ያቺው ጓደኛሽ
ከስድስት ኪሎ