የባዮሎጂ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ የዕጢን ዲኤንኤ መለካት

የባዮሎጂ ክበባችን ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ከረመ። የአንጎል ዕጢ ክፉ መሆኑ በምን ይታወቃል? ጠያቂዋ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መማሪያ መጽሐፋችን ላይ መልሱን ስላጣነው የክበቡ ሥራ አደረግነው።

የጀመርነው ከሽንኩርት ነው። ሥሩን ውኃ ላይ አበቀልን፤ ጫፉን ቆርጠን ቀለም ካስነካነው በኋላ በማይክሮስኮፕ አየነው። በመከፈል ላይ ያለ ሴል ያገኘ ሁሉ «ቲቸር፣ ይኸው!» እያለ ይጠራኝ ነበር። ሴል ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን እጥፍ ያደርጋል። እጥፍ የያዙ ሴሎች ሲበዙ ዕጢው በፍጥነት እየተባዛ እንደሆነ ይጠረጠራል።

ጤነኛ የሰው የሰውነት ሴል 46 ክሮሞዞም፣ ማለትም ዲኤንኤው የተጠቀለለባቸው ክሮች፣ አለው። ዲኤንኤው 6.5 ፒኮግራም (የግራም ትሪሊዮንኛ) ገደማ ነው፤ በሚዛን የሚሞከር አይደለም። ጀርመናዊው ሮበርት ፎይልገን ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጡት ዘዴ ዲኤንኤን ሐምራዊ ያደርገዋል። ቀለሙ በደመቀ ቁጥር ዲኤንኤው በዝቷል ማለት ነው። በኋላ የመጣው ፍሎ ሳይቶሜትሪ ደግሞ የሚያበራ ቀለም የጠጡ ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን ፊት እያሳለፈ ይለካል። ውጤቱ ግራፍ ነው፤ ልጆቹ በካሬ ወረቀት ሣሉት። ትልቁ ጫፍ መደበኛዎቹ፣ ትንሹ እጥፍ የያዙት ናቸው። በመሀል ሌላ ጫፍ ብቅ ካለ የክሮሞዞሙ ቁጥር ተዛብቷል።

ከሁሉ ያከራከረን ግሊዮብላስቶማ የተባለው የአንጎል ዕጢ ነው። ደረጃው 4ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ክፉ ነው። በብዙዎቹ ላይ አንድ ክሮሞዞም 7 ይጨመራል፤ አንድ ክሮሞዞም 10 ይጎድላል። 7 ቁጥር 159 ሚሊዮን ያህል ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ርዝመት የሚቆጠርበት አሃድ) አለው፤ 10 ቁጥር 133 ሚሊዮን። ሂሳቡን ሰሌዳ ላይ የሠራው ብዙም የማይናገር ልጅ ነው። ልዩነቱ 26 ሚሊዮን ወጣ። የሴሉ ድምር ግን ከ6 ቢሊዮን ይበልጣል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ፐርሰንት በታች ነው። ግራፉ ጤነኛ ሊመስል ይችላል ማለት ነው! ክፍሉ ተንጫጫ። «ታዲያ ምን ሊረባ ይለካል?» ያሉም ነበሩ።

እኔ ይረባል ባይ ነኝ፤ ብቻውን ግን አይፈርድም። ድምሩ የደበቀውን ለማግኘት እያንዳንዱን ክሮሞዞም ማየት ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 ምደባም ይህንኑ የ7 እና የ10 ለውጥ ግሊዮብላስቶማን ለመለየት ከሚያገለግሉ ምልክቶች አንዱ አድርጎታል። ልጆቹ በራሳቸው ሂሳብ እዚያ ደጃፍ መድረሳቸው በጣም አኩርቶኛል።

ለከርሞ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ፣ ማለትም ከሕመምተኛ የተወሰደ ናሙና የሚመረመርበትን ቦታ፣ ለመጎብኘት አስበናል። የምንሰበሰበው ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም ኑ።