«መብራቱ አጭበረበረኝ»

ውድ እህቴ፣

እንዴት ነሽ? እንደጠፋሁብሽ አውቃለሁ። ይቅርታውን ስንገናኝ ቁጭ ብዬ እጠይቅሻለሁ። አሁን አንድ ቃል አስጨንቆኛል። የእንግሊዝኛ አስተማሪ እያለሽልኝ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

ቃሉ «ግሌር» ነው። ስለ ዓይን ሞራ የሚያስረዳ በራሪ ወረቀት እንድተረጉም ተሰጠኝ። ሁለት ገጽ ናት። በአንድ ማታ እጨርሳታለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ምልክቶቹ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሞራ ያለበትን ሰው «ግሌር» ያስቸግረዋል ይላል። መጀመሪያ «ነጸብራቅ» ብዬ ጻፍኩ። ደስ አላለኝም። ነጸብራቅ እኮ ውሃ ላይ ሲያርፍ የሚያምር ነገር ነው። ይሄኛው ዓይን ይወጋል።

የቃሉን ዘር ማንዘር ቆጠርኩልሽ። ከ«ግላስ» ጋር ዘመድ ነው፤ ከመስታወት። መጀመሪያ ማብረቅ ብቻ ነበር። ቆይቶ ወደ ሰው ዓይን ተሻገረና በቁጣ ማፍጠጥ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ወደ ስህተት ሄደ፤ «ግሌሪንግ» ስህተት ይላሉ። እኛስ? ያፈጠጠ ስህተት! ያፈጠጠ ያገጠጠ። እነሱ ከብርሃን ተነሡ፣ እኛ ከዓይን። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ተገናኘን። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ማፍጠጥ ስል ያው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ያን ቀን ፒያሳ፣ ማኪያቶሽ ሳይነካ ቀዝቅዞ፣ ያፈጠጥሽብኝ። ቤቱ እኮ አሁን የለም። በ2016 ዓ.ም. ሠፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ስለዚያ ቀን... ብቻ እውነቱ ያንቺ ነበር። ይቺን ለመጻፍ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የፈጀሁት። ተማሪዎችሽን አሁንም በዚያ ዓይንሽ ነው ጸጥ የምታሰኚያቸው? አንጀቴን በሉኝ።

ወደ ቃሉ ልመለስ። በነጋታው እማዬ ከጊዮርጊስ ሠርክ ጸሎት አምሽታ ገባች። ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «የመኪናው መብራት አጭበረበረኝ፤ ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ቆሜ ቀረሁ» አለችኝ።

ቃሉ እሱ ነው! ማጭበርበር። ዛሬ አጭበርባሪ ሲባል የሚመጣብን ሌባው ነው። እናቶቻችን ግን ለብርሃኑም ይሉታል። ብርሃን ዓይንን ሲያታልለው።

ደስታዬ ደቂቃ አልቆየም። ወረቀቱ ፊቴ ነበር። የሚያወራው ስለ እማዬ ነው። ማታ የመኪና መብራት ያስቸግራል፤ እሷ። በመብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል፤ ለትንሣኤ «ጧፉ አክሊል ደፋ» ስትለኝ በረከት መስሎኝ ፈገግ ብዬ አልፌያለሁ። ቀለም ይወይባል። ነጠላዋን ስንቴ አጠበችው! «ወየበብኝ» እያለች በኦሞ ትዘፈዝፈዋለች፤ ነጠላው በረዶ መስሎ። አፍጥጦ የመጣውን ነገር ሳላየው ከረምኩ። እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

ወስጄ አስመረመርኳት። ሞራው ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ አለ፤ ቀኙ ይብሳል። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። ዓይናችን ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ሌንስ ይደፈርሳል። በቀጥታ ማለፍ ያለበት ብርሃን እዚያ ይበተናል። የሚያጭበረብራት ለዚህ ነው። በጠብታ አይለቅም። የደፈረሰው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይመለሳል። እሷ ግን ዓይኔን በምላጭ አላስነካም አለች። ጠበል ይበቃኛል ትላለች። ትጠመቅ፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። ግን ቀዶ ሕክምናውም ይቅርባት ማለት አልችልም።

እንግዲህ... የጻፍኩልሽ ለዚህም ነው። እኔን አትሰማኝም። አንቺን ግን ትሰማለች፤ ታውቂያለሽ። ደውዪላት። ከቻልሽ ደግሞ ነይ፤ አዳማ እኮ ሩቅ አይደለም። «ያቺ ልጄ የት ገባች?» እያለች ትጠይቀኛለች። ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ። መዋሸቱ ደከመኝ።

ወረቀቱ ላይ «ማታ መብራት ያጭበረብርዎታል?» ብዬ ጽፌአለሁ። ያሠራኝ ሰው «ሌባ ያስመስላል፤ ነጸብራቅ በይው» አለኝ። አልስማማም አልኩ። የመጨረሻ መልሴን የምሰጠው ዓርብ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ? ስትደውዪላት ራሷ ስትለው ስሚያት፤ ከዚያ ፍረጂኝ። ስልኳ ያው የድሮው ነው። ከ11 ሰዓት በፊት ደውዪ፤ ከዚያ በኋላ ጊዮርጊስ ነን። አሁን ክንዷን ይዤ የምወስዳት እኔ ነኝ።

እህትሽ
አራት ኪሎ