ከደብተር ጀርባ የተጻፈ የፖሊሲ ቁጥር

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

መኪና መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የኢንሹራንስ ወረቀት ትራፊክ ሲያስቆም የሚታይ ነገር ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ወር ግን አንድ የ11 ዓመት ልጅ ገጨሁ። ወረቀቱ ለማን እንደሚያስፈልግ ያኔ ነው የገባኝ።

ወደ ኋላ እያወጣሁ ነበር። ልጁ በብስክሌት ከጀርባዬ ያልፋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በመስታወት አይቻለሁ፣ በደንብ ግን አላየሁም። ቀስ ብዬ ስለነበር ለክፉ አልሰጠውም፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን ወዲያው አበጠ። እናቱ ሮጣ መጣች። አልጮኸችም። ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠችና ቀና ብላ፣ «እህቴ፣ አሁን ይሄን ማን ያሳክመዋል?» አለችኝ።

«አይዞሽ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» አልኳት። እውነቴን ነው። ካደስኩ ገና 5 ቀኔ ነበር፤ አረቦኑንም ሙሉውን ከፍያለሁ።

ትራፊኩ መጥቶ «ወረቀቱን ይዘዋል?» ሲለኝ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ገባሁ። የአምናው አለ። የካቻምናውም አለ። አዲሱ የለም። ለካ ያኔ ስከፍል የሰጡኝ ደረሰኝ ብቻ ነው። «ማተሚያው ስለተበላሸ ሰርተፍኬቱን ነገ መጥተሽ ውሰጂ» ብለውኝ ነበር፤ እኔም ሥራ በዛብኝና ሳልሄድ ቀረሁ። ደረሰኙ ቤት ነው። ፎቶውን ስልኬ ላይ ይዤው ነበር፤ ስልኬ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቷል።

ልጁና እናቱ በመንገደኛ መኪና ወደ ሕክምና ሄዱ። እኔ እዚያው ቆምኩ። ወንድሜ ደረሰኙን ከቤት ይዞ፣ ቢሮ ሄዶ፣ ሰርተፍኬቱን አስወጥቶ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እነዚያን ሁለት ሰዓት ተኩል አልረሳቸውም። እሷ ዘንድ ስደርስ የራጁን ከራሷ ከፍላለች። ይሄ ሴትየዋ ያልገባችበት ዕዳ ነበር፤ እኔ አንድ ቀን ቢሮ ብቅ ብል ኖሮ አይነካትም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። «ሦስተኛ ወገን» የሚለውን ቃል በየዓመቱ አየዋለሁ፤ ማን እንደሆነ ጠይቄ ግን አላውቅም። አንደኛው ወገን መድን የገባው ሰው ነው። ሁለተኛው ኩባንያው ነው። ሦስተኛው ውሉ ላይ ያልፈረመው፣ ወረቀቱን አይቶት የማያውቀው ተጎጂ ነው። ያ ልጅ ማለት ነው። መንግሥታትም ይሄን ኢንሹራንስ ግዴታ ያደረጉት ለሱ ሲሉ ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ከ1927፣ ብሪታንያ ደግሞ በ1930 በወጣ ሕግ አስገዳጅ አድርገውታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። የገጨ ሰው የሚከፍለው ከሌለው የተገጨው ባዶ እጁን ይቀር ነበርና።

አንድ ነገር በተለይ አስገረመኝ። በብሪታንያ ሕግ ሰርተፍኬቱ ለደንበኛው ካልተሰጠ ፖሊሲው (የመድን ውሉ) ራሱ እንዳልጸና ይቆጠር ነበር። ይህ ድንጋጌ የተሻረው በ2015 ነው። እኔ «ነገ» ተብዬ የተውኩት ወረቀት እዚያ ያን ያህል ክብደት ነበረው! ዛሬ በብዙ አገር የኩባንያዎቹ መረጃ ኮምፒውተር ላይ ስላለ ፖሊስ ታርጋ አስገብቶ ያያል። ፈረንሳይ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን አረንጓዴ ወረቀት ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ አስቀርታለች። ስልክ ላይ ማሳየት የሚፈቀድበትም ብዙ ነው። ደስ ይላል። ግን ኮምፒውተሩን የሚያየው ፖሊሱ ነው፤ መሬት ላይ የተቀመጠችው እናት አይደለችም።

ስለዚህ አሽከርካሪ ወገኖቼን የምለምነው ይሄን ነው። ከፍላችሁ ደረሰኝ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ማተሚያው ከተበላሸ በእጅ ጽፈው፣ ማህተም አድርገው ጊዜያዊ ይስጧችሁ። ስትቀበሉም እዚያው ቆማችሁ አንብቡት። ታርጋው፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን። የኔ ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ አንድ ፊደል ተሳስቶ አግኝቼ አሳርሜዋለሁ። መኪናውን ሌላ ሰው የሚነዳው ከሆነ እሱንም ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። ዋናውን መኪናው ውስጥ፣ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ቤት ላለ ሰው አስቀምጡ። ያለፈበትንም ከመኪናው አውጡት፤ እኔ በድንጋጤ የአምናውን ለትራፊኩ ልሰጠው ነበር። ድንበር የምትሻገሩ ደግሞ ሽፋናችሁ እዚያ ይሠራ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ እና የአውሮፓው አረንጓዴ ካርድ የመጡት ለዚህ ነው።

ለኢንሹራንስ ኩባንያዎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሕክምና ቤት እናትየዋ ሰርተፍኬቱን ከእጄ ተቀበለችና ከልጇ ደብተር ጀርባ ላይ በእርሳስ መገልበጥ ጀመረች። ወረቀቱን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ፣ «ይሄ ስድስት ነው ዜሮ?» አለችኝ። አየሁት። እኔም አልለየሁትም። ወንድሜ ቢሮ ደውሎ ነው ስድስት መሆኑን ያረጋገጥነው። የካሳ ጥያቄ የሚቀርብበት ስልክ ቁጥርም በጀርባው በኩል፣ በደቃቅ ፊደል፣ ከውሉ ቃላት መሀል ተደብቆ ነበር።

እባካችሁ ከሰርተፍኬቱ ጋር ተቀድዶ የሚሰጥ ትንሽ ቁራጭ አትሙልን። የፖሊሲ ቁጥሩ፣ ታርጋው፣ የሚያልቅበት ቀንና የሚደወልበት ስልክ በትልቁ ይጻፍበት። ሰው ስንገጭ ቀድደን እጁ ላይ እናስይዘው።

የልጁ እግር አልተሰበረም። ሦስት ሳምንት አስሮት ፈታው። የእናቱ ገንዘብ ግን ይህን ደብዳቤ እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ከኩባንያው አልተመለሰላትም፤ እኔ ከራሴ ከፍያት ጉዳዩን እየተከታተልኩ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አሽከርካሪ