የሜካኒክና የጉብኝት ክበብ፦ በአሮጌ መኪኖች እስከ ደብረ ሲና

የክበቡ የዓመቱ ትልቅ ሥራ በጥቅምት አጋማሽ ቅዳሜ ዕለት ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና ደርሶ መልስ የተደረገው ጉዞ ነው። ሦስት ቮልስ፣ አንድ ፔጆ 404 እና አንድ ላንድሮቨር ተሰለፉ። መኪኖቹ የወላጆችና የከተማው ነዋሪዎች ናቸው፤ የነዱትም ባለቤቶቹ ናቸው። የተማሪዎቹ ድርሻ መኪኖቹን ለመንገድ ማብቃት ነበር፤ የሚያኮራውም ይኸው ነው።

መንገዱ በአንድ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራቶር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ትርፉ ብልጭታ ሰጪውን ካንዴላ ጥላሸት ያለብሰዋል። ስለዚህ የቮልሶቹ ካንዴላዎች ሁሉ ወጥተው ተጸዱ፤ ክፍተታቸውም 0.7 ሚሊ ሜትር ተደረገ።

ብዙ ሰዓት የወሰዱት ቮልሶቹ ናቸው። የቮልስ ሞተር ውኃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው አየርና ዘይት ነው። ዘይቱም 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ የግማሽ ሊትር ጉድለት ቀላል አይደለም። የቫልቭ (የሲሊንደሩ መግቢያና መውጫ መዝጊያ) ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ነውና የደብረ ብርሃን የማለዳ ውርጭ ለዚህ ይመቻል። 1300 የሚባሉት የቮልስ ሞተሮች ልክ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። በክፍተቱ የሚገባው ስስ የብረት መለኪያ ሲሳብ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት። ክፍተቱ ከሰፋ ሞተሩ ይንቋቋል እንጂ ቶሎ አይጎዳም። አደገኛው መጥበቡ ነው፤ በደንብ ያልተዘጋ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት አጥቶ ይቃጠላል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ቀድሞ የሚጎዳው ሦስተኛው ሲሊንደር ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ቆሞ አየር ይከለክለዋል።

ቺንጊያው ደግሞ ዲናሞውንና ማቀዝቀዣውን ፋን አብሮ ያዞራል። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከላላ፣ ቺንጊያው ከሚዞርበት ከፑሌጃው ሁለት ግማሾች መካከል አንድ ሮንዴላ ይወጣና ይጠብቃል። የወጣው ሮንዴላ አይጣልም፤ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይገባል፤ ቺንጊያ ሲለወጥ ተመልሶ ያስፈልጋልና። በመንገድ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት፤ ቺንጊያው ከተበጠሰ ማቀዝቀዣ የለም።

የሰልፉ ሥርዓት ቀላል ነበር። ቀርፋፋዋ ቮልስ ሁለተኛ ሆነች፤ ክሪክ፣ ገመድና ትርፍ ቺንጊያ የያዘው ላንድሮቨር መጨረሻ። የፊተኛው ቦታ ለ12 ቮልቷ ቮልስ ተሰጠ፤ የ6 ቮልት መብራት በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ፈዛዛ ነው። መብራት የሚበራው ከዋሻው በፊት ነው፤ ውስጥ መቆም የለም።

ወርኃ ጽጌ ነበርና እስከ ጣርማ በር ድረስ የባቄላው አበባ ሽታ በመስኮት ይገባ ነበር። ከዋሻው ማዶ ግን ጉም ጠበቀን።

ዳገቱን ሁሉም ተዘጋጅቶበት ነበር፤ የፈተነን ቁልቁለቱ ነው። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ቁልቁለቱን ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ውረድ፤ ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀይር። ከአምስቱ አንዷ በሦስተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጠች ወረደች። ከጥቂት መታጠፊያዎች በኋላ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተ፤ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ። በሁለተኛ ማርሽ፣ በእጅ ፍሬን እየታገዘች ዳር ያዘች። ጎማዎቹ በድንጋይ ተደገፉና ግማሽ ሰዓት ያህል እንድትቀዘቅዝ ተደረገ፤ ውኃ አልተደፋም፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ኋላ ታወቀ፤ የፍሬን ዘይቱ አርጅቶ እርጥበት ስቦ ነበር፤ ሲግል ውኃው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል እንጂ ግፊቱን አያደርስም። ደብረ ሲና ቆሎ እየቆረጠሙ የተነጋገሩትም ስለዚሁ ነበር።

ስለዚህ የሁለተኛው መንፈቅ ሥራ ሁሉ ፍሬን ሆነ። አሮጌው ዘይት ወጥቶ አዲስ ተሞላ። አየር የማስወጣቱ ሥራ የሚጀምረው ከፔዳሉ በጣም ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ነው፤ ቀጥሎ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። አንዱ ተማሪ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሌላው በጎማው በኩል ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን ከፍቶ ይዘጋል፤ በቡሎኑ ላይ የተሰካው ቱቦ ጫፉ ጠርሙስ ውስጥ ባለ ዘይት ስለተነከረ አረፋው ይታያል። ፔዳሉ ቡሎኑ ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል፤ ይህ ስህተት ሦስት ጊዜ ሥራ አስደግሟል።

ለሚቀጥለው ዓመት የታሰበው አንኮበር ነው። ከዚያ በፊት የሁለቱ ቮልሶች የፊት ፍሬን ሸራ መለወጥ አለበት።